የብረት ቆብ የት ይቀመጣል?



ባለፈው ክረምት እናቴን ልጠይቅ አዲስ ዘመን በሄድኩ ጊዜ ከአጥሩ ደጃፍ አንድ ልዋጭ የሚል ልጅ ቆሞ አገኘሁ። በአንድ እጁ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሳፋ ይዟል፤ በሌላው ደግሞ ዝገት የበላው የብረት ቆብ። ለእናቴ የምትላላክ የጎረቤት ልጅ ከጓሮ አንስታ ልትለውጠው ኖሯል። ቆቡ የአያቴ ነው። ሳፋውን በገንዘብ ገዛሁና ቆቡን ይዤ ገባሁ። እናቴ ሳፋውን አገላብጣ አየችና «ደግ አደረግህ፣ የልብስ ማጠቢያዬ ተሰንጥቆብኝ ነበር» አለች። ስለ ቆቡ ምንም አላለችም።

በዚያ ቤት ሦስት የብረት ቆቦች አሉ። አራተኛም ነበር፤ ጣሊያኖች ለፀሐይ የሚያደርጉት የቡሽ ባርኔጣ። እሱን ግን ቆጥ ላይ አይጥ ስትበላው ኖራ የቀረው ጠርዙ ብቻ ነው። እኛ «የብረት ቆብ» እንላለን፤ የዛሬ ልጆች ሞተር ሳይክል ነጂው ከሚያደርገው ጋር አንድ አድርገው «ሄልሜት» ይሉታል፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ ደግሞ «ራስ ቁር» ሲባል ትሰማላችሁ። ብዙ የአገራችን ቤት እንዲህ ያለ ዕቃ እንዳለው አውቃለሁ። አንዱ ቤት የዶሮ መመገቢያ ሆኗል፣ ሌላው ቤት አልጋ ሥር ተወሽቋል። ዛሬ የማወጋችሁ እነዚህን ሦስቱን በወጉ ለማስቀመጥ ስንነሣ ምን እንደገጠመን ነው።

ነገሩን የጀመረው ልጄ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ ክረምቱን ከአያቱ ጋር ሊያሳልፍ ከእኔ ጋር መጥቶ ነበር። የውጭ አገር ሰዎች የድሮ የወታደር ቆብ እንደ ቴምብር እየሰበሰቡ በመስተዋት መደርደሪያ ላይ ሲያስቀምጡ፣ ከሥሩ መብራት ሲያበሩበት፣ የልብስ መደብር አሻንጉሊት ራስ ላይ ሲያጠልቁት በስልኩ አሳየኝ። ቀዳዳ በስተውለት አምፖል ያንጠለጠሉበትም አሉ። (ይህን የመጨረሻውን አልወደድኩትም። አንድ ጊዜ የተበሳ ብረት አይመለስም፤ ደግሞም የሰው ራስ የነበረበትን ነገር የመብራት ክዳን ማድረግ ለእኔ አይዋጥልኝም።) ልጁ ሦስቱንም ሰብስቦ ሳሎን ቡፌው ላይ ደረደራቸው፤ ለገና የሚበራውን ብልጭ ድርግም የሚል መብራትም ዙሪያቸውን ጠመጠመ። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። ማታ ቡና ተፈልቶ ስንቀመጥ ግን ከሦስቱ አንዱ አይታይም። እናቴ ነጠላዋን ጣል አድርጋበታለች።

ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ የአያቴን ቆብ ልንገራችሁ።

ከአዲስ ዘመን ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ቁልቋል በር የሚባል ማለፊያ አለ። በ1933 ዓ.ም. ንጉሡ አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ የጣሊያን ጦር በዚህ አገር ገና አልወጣም ነበር፤ ደብረ ታቦር የነበረው እጁን የሰጠው ክረምቱ ሲገባ ነው። ቁልቋል በር ላይ የመሸገው ግን ለወራት ተከብቦ ቆየና ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ወደቀ። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ማለት ነው። ስድስት ቀን ቆይቶ፣ ኅዳር 18፣ ጎንደር ተለቀቀች። ከበባውን ያደረገው የእንግሊዝና የምሥራቅ አፍሪካ ጦር ከአርበኞቻችን ጋር ሆኖ ነው። የሚገርመው፣ ጣሊያኖች ያችን ቀን እስከ ዛሬ አይረሷትም። ካራቢኔሪ የሚባለው ክፍላቸው በየዓመቱ ኖቬምበር 21 ቀን ጠባቂዬ የሚላትን ማርያምን ሲያከብር ቁልቋል በር ላይ የሞቱበትን አብሮ ያስባል። እኛ አጠገቡ የምንኖረው ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

አያቴ እዚያ ነበሩ። ቆቡን ይዘው የተመለሱት ከዚያ ነው። ጣሊያኖች ሞዴል 33 የሚሉት ዓይነት ነው፤ ከአንድ የብረት ገበታ ተጨፍልቆ የተሠራ፣ ኪሎ ከምናምን የሚመዝን፣ ውስጡ የቆዳ መደብ ያለው። የእኛው ግን ቆዳው ከጠፋ ቆይቷል። አያቴ ዘንድ ክብር ነበረው እንዳልል ሴት አያቴ ገልብጣ አፈር ሞላችበትና ጤና አዳም ተከለችበት። ሦስት ቀዳዳ አለውና ውኃ አያቁርም፤ ጤና አዳሙም እንዲያ አድርጎ በቅሎ አያውቅም። በልጅነቴ ለቡና ቀንበጥ ቁረጥ ተብዬ የምላከው ወደዚያ ነበር።

እነዚያ ሦስት ቀዳዳዎች ታሪክ ነበራቸው። «አያትህ ሦስት ጊዜ ተኩሰው ሦስቱንም ያገኙበት ነው» እየተባልን ነው ያደግነው። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ፣ አንዱ በኋላ። ጣቴን እየከተትኩ ስንት ቀን አያቴን በዓይነ ኅሊናዬ ሲያነጣጥሩ አይቻቸዋለሁ።

ልጄ ቆቡን ከአፈሩ አራግፎ ሲመለከት ቆየና ቀስ ብሎ «አባዬ፣ ይሄ እኮ የጥይት አይደለም» አለኝ። ልክ ነበር። ይህ ዓይነት ቆብ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ሦስት የአየር መተንፈሻ አለው፤ ሁለቱ በጎንና በጎን፣ አንዱ ከኋላ። ቀለበቱ በዝገት ሲረግፍ ጥይት የበሳው ይመስላል። መለየቱ ከባድ አይደለም፤ የፋብሪካ ቀዳዳ ሦስቱም እኩል ነው፣ ጠርዙ ለስላሳ ነው፣ ቦታውም የተለካ ነው። ጥይት ሲገባ ብረቱን ወደ ውስጥ፣ ሲወጣ ወደ ውጭ ይቀለብሰዋል።

እናቴ ሰማችው። «አባቴ ዋሽተዋል ነው የምትለው?» አለችው። ልጁ አንገቱን ደፋ። እኔም የምለው ጠፋኝ። እንግዲህ አስቡት፤ ሰውየው የእሷ አባት ናቸው፤ በሰባ ዓመቷ የልጅ ልጇ በስልክ አይቶ አባትሽ አልተኮሱም የሚላት ይመስላታል። ቡናው ሁለተኛው ፈላ፣ ሦስተኛው ፈላ፣ ማንም አልተናገረም። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። «እማዬ፣ እሳቸው ራሳቸው እንዲህ ሲሉ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት። ብዙ አሰበች። «እሳቸውስ አላሉም» አለች በመጨረሻ። «እሳቸው ከቁልቋል በር አመጣሁት ብቻ ነበር የሚሉት። ሦስት ጊዜ ተኮሰ የምትለው እናቴ ናት። ጎረቤት ሲሰበሰብ ነገር ማሳመር ትወድ ነበር።»

ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ቆብ ጓሮ ወድቆ ሳለ የፈለጉትን ቢያወሩበት ማንም አይጠይቅም። ሳሎን ወጥቶ ሲቀመጥ ግን እንግዳ ሁሉ «ይሄ የማን ነው?» ይላል፤ ያኔ መልስ ያስፈልጋል። እኛ በወፍራም ወረቀት እንዲህ ጽፈን ከሥሩ አኖርን፦ «ይህን ቆብ አያታችን በ1934 ዓ.ም. ከቁልቋል በር አመጡት። አድርጎት የነበረው ሰው ማን እንደሆነ አናውቅም።» ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር የጨመረው ልጄ ነው። ጣሊያን ይሁን ከጣሊያን ጋር የተሰለፈ የእኛው ሰው፣ ማወቂያ የለንም፤ ሁለቱም ዓይነት ሰው እዚያ ነበር።

አሁን ወደ አቀማመጡ። ከደብረ ታቦር እስከ አዲስ ዘመን ያለው ሰው ክረምቱ ለብረት ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። የቤታችን ግድግዳ ጭቃ ከሆነ ርጥበት ይስባል፤ ብረት በቀጥታ ከነካው በአንድ ክረምት ይዝጋል። መሐል ላይ ሳንቃ ወይም ወፍራም ጨርቅ ይግባበት። ዝገቱን ለማስለቀቅ ብላችሁ እንደ ድስት በአመድና በአሸዋ አትፈትጉት፤ በሽቦ ብሩሽም አትንኩት። የመጀመሪያው ቀለም፣ አንዳንዴም ግንባሩ ላይ በጥቁር የታተመው የጦር ክፍሉ ምልክት፣ ከዝገቱ ሥር ሊኖር ይችላል። በለስላሳ ብሩሽ አፈሩን ማራገፍ፣ በደንብ ማድረቅ፣ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በጨርቅ ነካ አድርጎ ብረቱን ብቻ ማበስ ይበቃዋል። አዲስ ቀለም የሚቀቡ አሉ። እባካችሁ ተዉ። የድሮው ቀለም እርሳስ ያለበት ሊሆን ስለሚችል ደግሞ ልጆች እንዲፍቁት ወይም አጥልቀውት እንዲሯሯጡ አትፍቀዱ፤ ከነኩት እጃቸውን ይታጠቡ።

በአገጭ ማሠሪያው መስቀል ትልቁ ስሕተት ነው። የሰማንያ ዓመት ቆዳ ክብደቱን አይችልም፤ አንድ ሌሊት ተበጥሶ ሲወድቅ ቤተሰቡን ሁሉ ያስደነግጣል። ልጄ የአሻንጉሊት ራስ ከአዲስ አበባ ሊያስመጣ አስቦ ነበር። እናቴ ናት ያዳነችን። ጓዳ ገብታ ብርኩማ ይዛ መጣች፤ ድሮ ፀጉራቸውን የተሠሩ ሰዎች እንዳይበላሽባቸው አንገታቸውን የሚያስደግፉበትን የእንጨት ትራስ። ራስ ሲያርፍበት የኖረ እንጨት ነው፤ ቆቡ ሲቀመጥበት ልክክ አለ። ለሁለተኛው ቆብ ደግሞ የደረቀ ቅል አገኘን፤ አፉ ወደ ታች ሆኖ በአሮጌ ነጠላ ሲጠቀለል እንደ ሰው ራስ ክብ ስለሆነ ቆቡን ከውስጥ ሳይጫን ይይዘዋል። ውስጡን ማሳየት ለሚፈልግ ገልብጦ የጀበና ማቶት ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ወዲያ ወዲህ አይልም። ግድግዳ ላይ ይሁን ካላችሁም የድሮው የጠመንጃ መስቀያ ኩላብ አለላችሁ፤ ሁለት ኩላብ ጎን ለጎን ከተመታ ቆቡ በራሱ ጠርዝ ያርፋል። ከመስኮት ፀሐይና ከምድጃ ራቅ ይበል። ለዚህ ሁሉ ያወጣነው ወጪ የለም።

ሁለተኛው ቆብ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። ቃኘው ሻለቃ ውስጥ ኮሪያ ዘምቷል። የአሜሪካኖች ቆብ ሁለት ድርብ ነው፤ ከውጭ ብረት፣ ከውስጥ ቀለል ያለ ሌላ ቆብ። ብረቱን አውልቀው ፊታቸውን ይታጠቡበታል፣ ይላጩበታል፣ ውኃ ያሞቁበታል። አጎቴ ይዞ የመጣው የውስጡን ብቻ ነው። የውጩስ? ስንለው «ውርጩ ቀማኝ» ይል ነበር። ለበዓል አድርጎት ወጥቶ እኛን ልጆቹን በኮሪያኛ ይመስለኛል ያዘን ነበር። የመጀመሪያው ቃኘው ኮሪያ የደረሰው በ1943 ዓ.ም. ነው፤ ስሙ ከራስ መኰንን ፈረስ የተወሰደ ነው። ከመቶ ሃያ በላይ ሞቱ፤ በጠላት እጅ የተማረከ ግን አንድም የለም። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ቹንቾን በምትባል ከተማ ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ ንጉሡም በ1960 ዓ.ም. ሄደው አይተውታል። በኋላ አጠገቡ በእኛ ጎጆ ቤት አምሳል የመታሰቢያ አዳራሽ ተሠርቶ ልብሳቸውና ፎቷቸው ተቀምጧል። ለዚህ ቆብ ብዙ መድከም አላስፈለገንም። አጎቴ በክብር ዘበኛ ልብስ የተነሣው ፎቶ ነበረን፤ አስፍተን ከጎኑ አቆምነው። ባለቤቱ ከነፈገግታው ስላለ ምንም መብራት አላሻውም።

አንድ ነገር ለወላጆች። የሰው ቤት ዕቃ ሲከበር ያዩ ልጆች እኛም እንፈልግ ብለው ወደ ማሳና ወደ ገደል ይወጣሉ። ብረት ሁሉ ቆብ አይደለም። ጦር ያደረበት ቦታ የወደቀ ቦምብና ጥይት ከስንት ዘመን በኋላም ይፈነዳል። አይነካም፣ አይረገጥም፣ ወደ ቤት አይመጣም፤ ቦታውን ምልክት አድርጎ ለፖሊስ መናገር ነው። ሌላው፣ የቅርብ ጊዜ የወታደር ዕቃ ጣጣ አለውና ከዚህ ስብስብ አታግቡት። ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ የጥንት ዕቃ ደግሞ አግኝቼ ነበር ብሎ የግል ማድረግ የለም፤ የባህል ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለሚመለከተው አካል አስታውቁ ይላል። የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ሄዶ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።

ልጆች የሚተኙበት ክፍልም ባይሆን ይመረጣል። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የከባድ መሣሪያ ድምፅ ደብረ ታቦር ድረስ ደርሷል። ያንን ሰምቶ አልጋ ሥር የገባ ሕፃን ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚያየው የወታደር ቆብ ሊሆን አይገባም።

ሦስተኛው ቆብ ነጠላ የለበሰው ነው።

የሶቪየት ሥሪት ነው፤ በጠርዙ ዙሪያ ስድስት ችንካር አለው፣ አረንጓዴው ቀለም እስከ ዛሬ አልለቀቀም። ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ አልተመለሰም። ሞተ የሚል ወረቀት አልመጣም፣ አለም የሚል ደብዳቤ አልመጣም። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን በዚያ አውራ ጎዳና ወታደሮች በእግራቸው እየጎረፉ ነበር። እናቴ መንገድ ዳር ቆማ በየፊታቸው ስትፈልግ ዋለች፤ እንጀራም ታቀብላቸው ነበር። ማታ ስትመለስ ከቦዩ ውስጥ አንድ የተጣለ ቆብ አንሥታ መጣች። የወንድሜ ነው ብላ አይደለም። እሷም ታውቃለች። «ያለ ቆቡ ወዴት ይሄድ ይሆን?» አለች ያን ዕለት፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ቆቡ ስትናገር አልሰማሁም። ሠላሳ ዓመት በላይ ጎታው ውስጥ ነበር። እኛ ቤት ተዝካር አልተበላም፤ ሞቱን የነገረን የለምና።

ልጄ ይህን አያውቅም። እኔም አልነገርኩትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አጎት እንደነበረው ያውቃል፣ እንዴት እንደጠፋ ግን ቁጭ ብዬ አላወጋሁትም። ብልጭ ድርግም የሚለውን መብራት አያቱ ፊት ያበራው ስለማያውቅ ነው።

ለንደን አንድ የጦር ሙዚየም የአፄ ቴዎድሮስን ፀጉር ይዞ ኖሮ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. መመለሱን ታስታውሳላችሁ። ከመቅደላ ተቆርጦ የሄደ ነው። ለእነሱ ከብዙ ዕቃ አንዱ ነበር፤ ለእኛ፣ በተለይ ደብረ ታቦርን መናገሻቸው አድርገው ላወቅናቸው፣ የንጉሡ ራስ ነበር። ያን ጊዜ ባዕዳኑን ምን ያህል እንደወቀስኳቸው ትዝ አለኝና አፈርኩ።

በማግሥቱ ልጄ መብራቱን ራሱ ፈታ። ከዚያ አያቱን «እማማ፣ ይሄኛው የት ይሁን?» ብሎ ጠየቃት። የማንም ሐሳብ አልነበረም፤ እንዲጠይቃት አልነገርኩትም። እናቴ ቆቡን ከነነጠላው አንሥታ ወደ መኝታዋ ገባች። ከራስጌዋ፣ የጸሎት መጽሐፏ ካለበት ትንሽ መደርደሪያ ሥር፣ መደቡ ላይ አኖረችው። ብርኩማውን ከአያቴ ቆብ ሥር አውጥታ ለእሱ ሰጠችው፤ አያቴ ሌላ ቅል ይፈለግላቸው አለች። ልጄ ወረቀትና ብዕር ይዞ በሩ ላይ ቆመ። «ምን ልጻፍበት?» አላት። «ምንም» አለችው። «ና ተቀመጥ፣ እነግርሃለሁ።» እኔ ወጣሁ። ቡና እስኪፈላ ድረስ ሁለቱ እዚያ ነበሩ።

የቀረው የጤና አዳሙ ነገር ነው። ከቆቡ ነቅለን በዘይት ጀሪካን ተከልነው፤ ጀሪካኑን ከመሐሉ ቆርጬ ታቹን የበሳሁት እኔ ነኝ። በቅሏል፣ አልደረቀም። እናቴ ግን ስልክ በደወልኩ ቁጥር ሽታው እንደ ድሮው አይደለም ትላለች። ያንን ሳፋ ባትገዛ ኖሮ፣ ትለኛለች ደግሞ፣ ቆቡ ሄዶ ሁላችሁም ታርፉ ነበር። ቀጥላ ልጄ መቼ እንደሚመጣ ትጠይቀኛለች።